የአሜሪካ የግል አትሌቲክ ክለቦችና ካንትሪ ክለቦች ታሪክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ የቦስተን ማራቶንን ለማየት ቴሌቪዥን ፊት የምንቀመጥ ብዙዎች ነን። የሩጫው ባለቤት መንግሥት ወይም ፌዴሬሽን ሳይሆን ከ135 ዓመት በላይ ያስቆጠረ አንድ ክለብ መሆኑን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። የአሜሪካን ስፖርት ሥሩን ብንቆፍር በየቦታው የምናገኘው እንዲህ ያሉ የግል ክለቦችን ነው። ሜዳውን የሠሩት፣ ደንቡን የጻፉት፣ ማን ይግባ ማን ይቅር ብለው የወሰኑትም እነሱ ናቸው። ከታች በዚህ ጉዳይ ላይ በብዛት ለሚነሱ ጥያቄዎች መልስ ሰጥቻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አትሌቲክ ክለብና ካንትሪ ክለብ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

እኛ ክለብ ስንል ቶሎ ትዝ የሚለን ቡድን ነው፤ ጊዮርጊስ፣ ቡና፣ መቻል እንላለን። እነዚህኞቹ ግን አባላት ገንዘብ አዋጥተው ለራሳቸው መገልገያ ያቋቋሟቸው ማኅበራት ናቸው። አትሌቲክ ክለብ የከተማ ነው። መሐል ከተማ ላይ የራሱ ሕንፃ አለው፤ ውስጡ ጂምናዚየም፣ መዋኛ ገንዳ፣ የቦክስና የሻሞላ መለማመጃ፣ የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ምግብ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የእንግዳ መኝታ ይገኛል። ካንትሪ ክለብ ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ ሰፊ መሬት ላይ ያርፋል፤ ጎልፍ፣ ቴኒስ፣ የፈረስ ግልቢያ፣ ዳንስና የእራት ግብዣ ያለበት ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። አትሌቲክ ክለቡ በአብዛኛው የወንዶች ቤት ሲሆን ካንትሪ ክለቡ ግን ከጅምሩ ሚስትና ልጅ ይዞ የሚኬድበት ቦታ ነበር። ሁለቱንም ከዋይኤምሲኤ ጋር ማምታታት አይገባም። ዋይኤምሲኤ በአነስተኛ ክፍያ ብዙ ሰው ለማስተናገድ የተቋቋመ ክርስቲያናዊ ድርጅት ነው።

የመጀመሪያው ክለብ የቱ ነው?

እስከ ዛሬ ሳይዘጋ ከዘለቁት መካከል አንጋፋው በሳን ፍራንሲስኮ በ1860 የተመሠረተው ኦሊምፒክ ክለብ ነው። በ1892 ጆን ሱሊቫንን አሸንፎ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነው ቦክሰኛ ጄምስ ኮርቤት ከዚህ ክለብ የወጣ ነው።

ነገር ግን ታሪኩን ከ1860 ብቻ መጀመር ስደተኞቹን መርሳት ይሆናል። በ1848 በጀርመን የተነሣው አብዮት ሲከሽፍ ወደ አሜሪካ የተሰደዱት ጀርመኖች «ተርነር» የተባሉ የጂምናስቲክ ማኅበራቸውን ይዘው መጡ፤ በዚያው ዓመት በሲንሲናቲ አቋቋሙ። እነዚህ ሰዎች ባርነትን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር፤ በ1861 አብርሃም ሊንከን ቃለ መሐላ ሲፈጽም ከጠባቂዎቹ መካከል ተርነሮች ነበሩበት። በየትምህርት ቤቱ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት እንዲሰጥ የገፉትም እነሱ ናቸው። ስኮትላንዳውያን ስደተኞችም በ1850ዎቹ በቦስተንና በኒውዮርክ ካሌዶንያን ክለቦችን መሥርተው ሩጫ፣ ዝላይና ውርወራ ያወዳድሩ ነበር፤ ውድድሩ ለማንም ክፍት ነበር፤ ላሸነፈም ገንዘብ ይሰጡ ነበር። ሀብታሞቹ የኋላ ኋላ አትሌቲክስን የራሳቸው ሲያደርጉት ከዚህ ልማድ የገንዘቡን ነገር ቆርጠው ጣሉት።

ከ1870 እስከ 1900 ባለው ጊዜ እንዲህ የበዙት ለምንድን ነው?

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ከተሞች በፋብሪካና በባቡር ገንዘብ አበጡ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል የቢሮ ሰው፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ጠበቃ፣ ነጋዴ በዛ። ሐኪሞችና ሰባኪዎች ሳይቀሩ ሰውነቱን የማያንቀሳቅስ ወንድ ይላሽቃል እያሉ ያስፈሩት ነበር። እንግሊዝን መምሰልም አንዱ ምክንያት ነው፤ የለንደኑ ክለብ ያደረገውን ኒውዮርክ ማድረግ ትፈልግ ነበር። ባቡሩና ትራሙ ደግሞ ከከተማ ወጣ ያለውን መሬት ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቀረቡት።

ከሁሉ በላይ ግን ከተማው በአየርላንዳዊ፣ በጣልያናዊ፣ በአይሁዳዊ ስደተኛ ሲሞላ አሮጌው የፕሮቴስታንት ባለጸጋ ቤተሰብ ከማን ጋር እንደሚበላና ከማን ጋር እንደሚጫወት መምረጥ ፈለገ። ስፖርቱን ይወዱት ነበር፤ ይህ አይካድም። ክለቡን ክለብ ያደረገው ግን በሩ ነው ብዬ አምናለሁ። የዚህን ታሪክ ውለታውንም በደሉንም ለመረዳት ከዚያ በር አጠገብ መቆም ያስፈልጋል።

የኒውዮርክ አትሌቲክ ክለብ ይህን ያህል ስም ያገኘው በምንድን ነው?

በ1868 ሦስት ወጣቶች፣ ዊልያም ከርቲስ፣ ጆን ባብኮክና ሄንሪ በርማየር፣ የለንደኑን ክለብ አርአያ አድርገው መሠረቱት። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ገና ግንባታው ባላለቀ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ ውስጥ ውድድር አዘጋጁ። ከርቲስ ያን ቀን ያመጣው ባለ ምስማር የሩጫ ጫማ በአሜሪካ ከታዩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር፤ ዛሬ እስፓይክ የምንለው ማለት ነው።

ዋናው ነገር ግን ጫማው አይደለም። ክለቡ ደንብ አውጪ ሆነ። በ1888 ከርቲስና ጓደኞቹ የአማተር አትሌቲክ ዩኒየንን አቋቋሙ። ይህ ማኅበር ማን አማተር እንደሆነ፣ ማን መወዳደር እንደሚችል፣ የማን ሪከርድ እንደሚመዘገብ ይወስን ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1978 በሕግ ሥልጣኑን እስኪቀንሰው ድረስ 90 ዓመት ያህል በአገሪቱ አትሌቶች ላይ አዛዥ ሆኖ ቆየ። ክለቡ ዛሬም ከሴንትራል ፓርክ ደቡብ ፊት ለፊት የሚያይ ሕንፃ አለው፤ ከከተማ ውጭም ትራቨርስ አይላንድ የሚባል የባሕር ዳር ግቢ አለው።

«አማተር» የሚለው ደንብ ማንን ይጠቅም ነበር?

ደንቡ በቃል ደረጃ ንጹሕ ነው፦ ስፖርት ለፍቅሩ እንጂ ለገንዘብ አይሠራ። ነገር ግን በሳምንት ስድስት ቀን ፋብሪካ የሚውል ሰው መቼ ይለማመዳል? ጉዞውንስ በምን ይከፍላል? ያለ ክፍያ መወዳደር የሚችለው ሌላ ገቢ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ደንቡ ድሃውን በስም ሳይጠራ ከሜዳው ያርቀው ነበር።

ክለቦቹ ራሳቸው ደግሞ ማሸነፍ ሲያምራቸው ደንቡን ይጥሱት ነበር። ጎበዝ ተጫዋች ሥራ ይፈለግለታል፣ የጉዞ ወጪ በሚል ይደጎማል፣ የወርቅ ሰዓት ይሸለማል፤ እሱም ሰዓቱን አስይዞ ገንዘቡን ይወስዳል። በጽሑፍ ማስረጃ የተያዘው ዝነኛው ጉዳይ የተፈጠረው በፒትስበርግ ነው። በኖቬምበር 12 ቀን 1892 የአሌጌኒ አትሌቲክ አሶሴሽን ተቀናቃኙን የፒትስበርግ አትሌቲክ ክለብን ለማሸነፍ ሲል ፑጅ ሄፈልፊንገር ለተባለ የቀድሞ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ለአንድ የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ 500 ዶላር ከፈለ። እሱም የጨዋታውን ብቸኛ ነጥብ አስቆጠረ። የክለቡ የሒሳብ መዝገብ ኋላ ሲገኝ ክፍያው በግልጽ ሰፍሮበት ነበር። ዛሬ በቢሊዮን ዶላር የሚንቀሳቀሰው የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል ልደቱ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው፤ ከአማተር ክለብ ማለት ነው።

የቦስተን ማራቶንስ እንዴት የክለብ ሆነ?

የቦስተን አትሌቲክ አሶሴሽን በ1887 ተመሠረተ፤ በማግሥቱ ዓመት ኤክሲተር ጎዳና ላይ ባማረ ሕንፃ ገባ። በ1896 የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ በአቴንስ ሲዘጋጅ ወደዚያ ከሄዱት ጥቂት አሜሪካውያን ብዙዎቹ የዚህ ክለብ አባላት ነበሩ። ቶማስ በርክ 100 እና 400 ሜትር፣ ኤለሪ ክላርክ የከፍታና የርዝመት ዝላይ፣ ቶማስ ከርቲስ 110 ሜትር መሰናክል፣ ዊልያም ሆይት የምርኩዝ ዝላይ አሸንፈው ተመለሱ። ከሁሉ የበለጠ የማረካቸው ግን ራሳቸው ያላሸነፉት የማራቶን ሩጫ ነበር።

በዓመቱ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1897፣ አሽላንድ ከምትባል ትንሽ ከተማ አሥራ አምስት ሰዎች ወደ ቦስተን ሮጡ። ርቀቱ 39 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነበር። ጆን ማክደርሞት የተባለ የኒውዮርክ ሰው በ2 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። ሩጫው ከዚያ ወዲህ ሥር ሰደደ፤ ክለቡ ግን በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ሕንፃውን አጣ። ቦታው ላይ ዛሬ የቦስተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተጨማሪ ሕንፃ ቆሟል። ገንዳው፣ የቱርክ መታጠቢያው፣ የእራት አዳራሹ ጠፍቶ ሩጫው ብቻ ተረፈ። ክለቡ ዛሬ የሚታወቀው በእሱ ነው።

ለእኛ የታሪኩ ሌላ ምዕራፍ የሚጀምረው በ1963 ነው። አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ ቦስተን ላይ ተሰልፈው ለረጅም ርቀት መሩ፤ በመጨረሻዎቹ ኮረብታዎችና በቀዝቃዛው ነፋስ ተዳክመው አበበ አምስተኛ ወጣ። በዓለም አቀፍ ውድድር ሮጦ ከጨረሳቸው ማራቶኖች ያላሸነፈው ያንን ብቻ ነው። በ1989 አበበ መኮንን ድሉን አመጣ። ፋጡማ ሮባ ከ1997 እስከ 1999 ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈች። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2013 ባሸነፈበት ቀን መድረሻው ላይ ቦምብ ፈነዳ፤ ሌሊሳ በሰኔ ተመልሶ ሜዳሊያውን ለከተማዋ ሰጠ፤ በ2015 ደግሞ እንደገና አሸነፈ። የዚያ ክለብ መሥራቾች ሩጫቸው የኢትዮጵያ ልጆች ስም የሚጠራበት ይሆናል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም።

ካንትሪ ክለብ የት ተጀመረ? ጎልፍስ መቼ ገባበት?

በ1882 ቦስተን አጠገብ ብሩክላይን ውስጥ ነው። መሥራቾቹ ሌላ ስም ሳይፈልጉለት «ዘ ካንትሪ ክለብ» አሉት፤ ሌሎቹ ሁሉ ስሙን ከእሱ ወሰዱ። መጀመሪያ የተፈለገው ለፈረስ ግልቢያና ለፈረስ እሽቅድምድም ነበር፤ ጎልፍ የገባው በ1893 በስድስት ጉድጓዶች ነው። በ1888 ደግሞ ጆን ሪድ የተባለ ስኮትላንዳዊ በዮንከርስ ሴንት አንድሩስ የተሰኘውን የጎልፍ ክለብ አቋቁሞ ነበር። በዲሴምበር 1894 አምስት ክለቦች፣ ማለትም እነዚህ ሁለቱ፣ የኒውፖርቱ፣ ሺነኮክ ሂልስና የቺካጎ ጎልፍ ክለብ፣ የአሜሪካን የጎልፍ ማኅበር መሠረቱ። አሁንም ደንብ የሚወጣው ከዚያ ማኅበር ነው።

የጎልፍን መልክ በአሜሪካ የለወጠው ክስተትም የተፈጸመው በዚያው በብሩክላይን ነው። ፍራንሲስ ዊሜት ከክለቡ 17ኛ ጉድጓድ ፊት ለፊት ካለ መጠነኛ ቤት ያደገ፣ በልጅነቱም የአባላቱን የጎልፍ ዱላ በመሸከም ሳንቲም ያገኝ የነበረ ልጅ ነው። በ1913 በ20 ዓመቱ የአሜሪካ ኦፕን ላይ ተሰልፎ የዘመኑን ታላላቅ እንግሊዛውያን፣ ሃሪ ቫርደንንና ቴድ ሬይን፣ በተጨማሪ ዙር አሸነፈ። ዱላውን የተሸከመለት ኤዲ ላወሪ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጎልፍ የባለጸጋ ብቻ ነው ማለት ከበደ፤ የሕዝብ ሜዳዎችም መስፋፋት ጀመሩ።

አባል ለመሆን ምን ያስፈልግ ነበር?

ማመልከቻ መሙላት ብቻ በቂ አልነበረም። አንድ ነባር አባል ያቀርብሃል፤ ሌሎች ይደግፋሉ፤ ስምህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ የምልመላ ኮሚቴው ስለ ሥራህ፣ ስለ ቤተሰብህ፣ ስለ ጸባይህ ያጠያይቃል። ከዚያ በድብቅ ድምፅ ይሰጣል። በብዙዎቹ ዘንድ ድምፁ የሚሰጠው ነጭ ወይም ጥቁር ኳስ ሳጥን ውስጥ በመጣል ነበር፤ አንድ ወይም ሁለት ጥቁር ኳስ ከተገኘ ነገሩ አበቃ። ለምን እንደተከለከልክ የሚነግርህ የለም። ከታለፈ ደግሞ ጠቀም ያለ የመግቢያ ክፍያና የዓመት መዋጮ ይከተላል። ዛሬም አሠራሩ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፤ ኳሶቹ ቀርተዋል።

በሩ የተዘጋው በእነማን ላይ ነበር?

በጥቁሮች ላይ በሁሉም ቦታ ማለት ይቻላል፤ በአይሁዶች ላይ በአብዛኛው፤ በካቶሊኮች ላይ በብዙ ቦታ። የሴቶችን ለብቻው እመለስበታለሁ። አብዛኛው ክለብ ይህን በደንቡ አይጽፍም፤ ኮሚቴው ያውቀዋል። አባትን በአመራር ያስቀመጠ ክለብ ልጁን ሲገፋ የታየበትም ጊዜ ነበር። ጄሲ ሴሊግማን የኒውዮርክ ዩኒየን ሊግ ክለብ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረ አይሁዳዊ ባንከር ነው፤ በ1893 ልጁ ቴዎዶር ለአባልነት ሲቀርብ በዘሩ ምክንያት ተጣለ። አባትየው ወዲያው ለቀቀ።

ከስድሳ ዓመት በኋላም ነገሩ ያው ነበር። ራልፍ በንች የተባበሩት መንግሥታት ከፍተኛ ባለሥልጣን፣ በ1950 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበለ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1959 ልጁ በፎረስት ሂልስ ዌስት ሳይድ ቴኒስ ክለብ ሊመዘገብ ሲፈልግ ክለቡ ጥቁርና አይሁድ እንደማይቀበል ተነገረው። ይህ እንግዲህ በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የቴኒስ ሻምፒዮና ይካሄድበት የነበረ ክለብ ነው፤ አልቲያ ጊብሰን የተባለችው ጥቁር አሜሪካዊት በ1957 እና በ1958 ሻምፒዮን የሆነችበት ሜዳ። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የክለቡ ፕሬዚዳንት ሥራውን ለቀቀ፤ ለበንች አባልነት ቢሰጡትም አልተቀበለም። የእሱ ስምና ማዕረግ የሌለው ጥቁር አባት ቢሆን ኖሮ ጋዜጣውም ባልጻፈ ነበር።

የተከለከሉት ምን አደረጉ?

የራሳቸውን ሠሩ። ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔን ደጋግሞ የሚስበኝ ይህ ክፍል ነው።

በኒውዮርክ አየርላንዳውያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የአይሪሽ አሜሪካን አትሌቲክ ክለብን አቋቁመው ኩዊንስ ውስጥ ሴልቲክ ፓርክን ሠሩ። አባላቱ ፖሊሶች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ጸሐፊዎች ነበሩ። በሩንም ለአየርላንዳዊ ብቻ አላደረጉትም። አይሁዳዊው ዘላይ ማየር ፕሪንስታይን የእነሱ ነበር። ጥቁሩ ሯጭ ጆን ባክስተር ቴይለርም ማልያቸውን ለብሶ ይሮጥ ነበር፤ በ1908 የለንደን ኦሊምፒክ በዱላ ቅብብል ወርቅ በማግኘት ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያው ሆነ። በዚያው ዓመት በታይፎይድ ሞተ፤ ገና 26 ዓመቱ ነበር። የዚያን ኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ጆኒ ሄይስም የዚሁ ክለብ ልጅ ነው። ክለቡ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ባያልፍም በአጭር ዕድሜው የሠራው ሥራ ትልቅ ነው።

አይሁዶች የራሳቸውን ካንትሪ ክለቦች አቋቋሙ፤ በ1920 በሎስ አንጀለስ የተከፈተው ሂልክረስት የሆሊውድ ታላላቅ ኮሜዲያን ምሳ የሚበሉበት ቤት ሆነ።

ጥቁሮች በ1921 በኒው ጀርሲ ስኮች ፕሌይንስ ውስጥ ሼዲ ረስትን አቋቋሙ። ጎልፍ፣ ቴኒስ፣ ፈረስ፣ የእራት አዳራሽ ያለው፣ ባለቤቶቹም አስተዳዳሪዎቹም ጥቁሮች የሆኑበት ካንትሪ ክለብ ነበር። ዱክ ኤሊንግተንና ካብ ካሎዌይ ተጫውተውበታል። የጎልፍ አስተማሪውና የሜዳው ተንከባካቢ ጆን ሺፐን ይባላል፤ ይህን ሰው ሳላስተዋውቅ ማለፍ አልችልም። አባቱ ሺነኮክ በሚባሉት የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች መንደር ፓስተር ነበር። ሺነኮክ ሂልስ ክለብ ከመንደሩ አጠገብ ሲሠራ ልጁ ዱላ እየተሸከመ ጨዋታውን ተማረ። በ1896 ሁለተኛው የአሜሪካ ኦፕን እዚያው ሲካሄድ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ኦስካር ባን ከተባለ የሺነኮክ ተወላጅ ጋር ተመዘገበ። ነጮቹ ተጫዋቾች እነዚህ ካሉ አንጫወትም አሉ። የጎልፍ ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሃቭማየር ሁለቱ ብቻቸውን ቢቀሩም ውድድሩ እንደሚካሄድ አስታወቀ፤ ሁሉም ተጫወቱ። ሺፐን ስድስተኛ ደረጃን ተጋርቶ ጨረሰ። የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ጎልፈኞች ማኅበር ግን ኋላ «ለነጮች ብቻ» የሚል አንቀጽ አስገብቶ እስከ 1961 ድረስ አላወጣውም። ሺፐን ችሎታው እያለ ዕድሜውን በሼዲ ረስት ሣር እያጨደና ልጆች እያስተማረ ጨረሰ።

በ1968 በኒውዮርክ አትሌቲክ ክለብ ላይ የተጠራው አድማ ምን ነበር?

ክለቡ የመቶኛ ዓመት በዓሉን በአዲሱ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በሚደረግ የቤት ውስጥ ውድድር ሊያከብር ተዘጋጀ። ጥቁር አትሌቶች ለክለቡ ውድድር ማድመቂያ ሆነው ለዓመታት ሮጠዋል፤ አባል ሆኖ ገንዳው ውስጥ መግባት ግን ለእነሱ አልተፈቀደም ነበር። ሶሲዮሎጂስቱ ሃሪ ኤድዋርድስ የሚመራው «ኦሊምፒክ ፕሮጀክት ፎር ሂዩማን ራይትስ» በፌብሩዋሪ 1968 አድማ ጠራ። ብዙ ጥቁር ሯጮች ቀሩ፤ ኮሌጆች ቡድናቸውን አስቀሩ፤ የሶቪየት ኅብረት ቡድንም ሳይመጣ ቀረ።

በዚያው ወር ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ወደ ሜክሲኮ ኦሊምፒክ ለመመለስ ሲወስን አንሄድም ብለው ፈጥነው ከተነሡት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ኮሚቴው በኤፕሪል ግብዣውን ለመሰረዝ ተገደደ። ስለዚህ በጥቅምት ሜክሲኮ ላይ ጥቁር አሜሪካውያኑ ሯጮች ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ በተቃውሞ ጡጫቸውን ሲያነሡ፣ ማሞ ወልዴም ማራቶኑን ሲያሸንፍ፣ የዚያ ዓመት ትግል ሁለቱንም ሜዳው ድረስ አጅቧቸው ነበር።

ሕጉ እንዲህ ያለውን ማግለል አይከለክልም ወይ?

ረጅም ጊዜ አልከለከለም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ሆቴልና ምግብ ቤት በዘር እንዳይለዩ ሲያግድ ለሕዝብ ክፍት ያልሆኑ የግል ክለቦችን ለይቶ አስቀርቷል። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፔንሲልቬንያ የሙስ ሎጅ ጉዳይ ላይ፣ ክለቡ ከመንግሥት የመጠጥ ፈቃድ ስላለው ብቻ አድልዎው የመንግሥት አድልዎ አይሆንም ሲል ወሰነ። የተገፋው ሰው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አባል ሌሮይ ኧርቪስ ነበር።

በሜሪላንድ የምትኖሩ ደግሞ ቀጣዩን ብታውቁት ደስ ይለኛል። ዛሬ ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት በሲልቨር ስፕሪንግና በዊተን አካባቢ ዊተን-ሄቨን የሚባል የሰፈር መዋኛ ገንዳ ክለብ ነበር። አባልነቱ ከሰፈሩ ቤቶች ጋር የተያያዘ ነበር፤ ጥቁር ቤተሰብ ቤት ሲገዛ ግን ከለከሉት። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ፣ ይህ በሰፈር ነዋሪነት ለሁሉም ክፍት የሆነ ማኅበር እንጂ እውነተኛ የግል ክለብ አይደለም ብሎ ፈረደ።

ሌላው መንገድ ግብር ነው። ከ1916 ጀምሮ ማኅበራዊ ክለቦች ከፌዴራል የገቢ ግብር ነፃ ናቸው፤ በ1976 በወጣ ሕግ ግን በጽሑፍ ደንቡ በዘር፣ በቀለም ወይም በሃይማኖት የሚያገል ክለብ ይህን ነፃነት እንዲያጣ ተደረገ። ከዚያ በኋላ በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኒውዮርክን ከተማ ደንብ አጸና፦ ከ400 በላይ አባላት ያሉት፣ ምግብ በመደበኛነት የሚያቀርብ፣ ከንግድ ሥራ ጋር የተያያዘ ገንዘብ አባል ካልሆኑ ሰዎች የሚቀበል ክለብ «የግል ነኝ» ብሎ ማግለል አይችልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ውል የሚፈረምበት፣ ሥራ የሚገኝበት ቦታ ሆኗልና።

ሴቶችስ?

በካንትሪ ክለብ ሴት የምትገባው ባብዛኛው በባሏ ወይም በአባቷ ስም ነበር፤ ድምፅ የላትም፤ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው የወንዶች ነው። በ1894 በኒው ጀርሲ ሴቶች ራሳቸው የሞሪስ ካውንቲ ጎልፍ ክለብን አቋቁመው ነበር፤ ወንዶቹ ብዙም ሳይቆዩ አስተዳደሩን ወሰዱት። ያልተወሰደባቸው አንዱ በ1917 ሻርሎት ኤፕስታይን የመሠረተችው የኒውዮርክ ሴቶች የዋና ማኅበር ነው። እዚያ የሠለጠነችው ገርትሩድ ኢደርሊ በ1926 ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ የባሕር ወሽመጡን ዋኝታ ስትሻገር ከእሷ በፊት ከተሻገሩት ወንዶች ሁሉ ፈጠነች። የቦስተን ማራቶን ሴቶችን በይፋ የተቀበለው በ1972፣ የኒውዮርክ አትሌቲክ ክለብ ደግሞ ከ1988ቱ ፍርድ በኋላ ነው። በሜሪላንድ የሚገኘው በርኒንግ ትሪ ግን የክፍለ ግዛቱን የግብር ቅናሽ እስከማጣት ደርሶም የወንዶች ብቻ ሆኖ ቀጥሏል።

ኦገስታ ናሽናል መቼ ነው የተለወጠው?

ኦገስታ ናሽናል በጆርጂያ የሚገኝ፣ ማስተርስ የተባለው ታላቅ የጎልፍ ውድድር የሚካሄድበት ክለብ ነው። ለውጡን የጀመረው ግን ሌላ ክለብ ነው። በ1990 የፕሮፌሽናል ጎልፈኞች ማኅበር (ፒጂኤ) ሻምፒዮና በአላባማ ሾል ክሪክ በተባለ ክለብ ሊካሄድ ሳለ የክለቡ መሥራች ጥቁር እንደማይቀበሉ ለጋዜጣ ተናገረ። ማስታወቂያ የገዙ ኩባንያዎች መሸሽ ጀመሩ፤ የጎልፍ ማኅበራቱም በዘር የሚያገል ክለብ ውድድር እንዳያስተናግድ ደንብ አወጡ። ኦገስታ በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን ጥቁር አባል ተቀበለ። ሊ ኤልደር የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆኖ እዚያ ከተወዳደረ አሥራ አምስት ዓመት አልፎ ነበር፤ ዱላ ተሸካሚዎቹ ግን እስከ 1982 ሁሉም ጥቁሮች ነበሩ። ሴቶች፣ ኮንዶሊዛ ራይስና ዳርላ ሙር፣ የገቡት በ2012 ነው።

የጥንቶቹን ክለቦች ዛሬ ማየት ይቻላል?

ብዙዎቹ የሉም። ስፖርቱን ዩኒቨርሲቲዎች ወሰዱት፤ አባላቱም ከከተማ ወጡ። ለኮሌጅ ፉትቦል ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይስማን ዋንጫ ከ1935 ጀምሮ ይሰጥ የነበረው የኒውዮርኩ ዳውንታውን አትሌቲክ ክለብ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ሳይከፈት ቀረ። በ1893 የተከፈተው የቺካጎ አትሌቲክ አሶሴሽን ሕንፃ ግን ከ2015 ጀምሮ ሆቴል ሆኗል፤ ከሚሊኒየም ፓርክ ፊት ለፊት ነው፤ ማንም ገብቶ ቡና መጠጣት ይችላል። የሼዲ ረስት የክለብ ቤትም አሁን በስኮች ፕሌይንስ ከተማ እጅ ነው፤ ሜዳው ስኮች ሂልስ ተብሎ ከ1964 ወዲህ ለሕዝብ ክፍት ነው። እዚያ ለመጫወት አባል መሆን አያስፈልግም፤ የዕለቱን ክፍያ ከፍሎ መግባት ነው።